መኪና የሌላት ሴት የቤንዚን ኩፖን

ተረቴ ጀሪካን ይዞ ይነሳል፤ ጀሪካኑም ባዶ ነው። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ቤንዚን ልፈልግ።

ቢሾፍቱ ውስጥ አክስቴ በላይነሽ አንድ ክፍል ሙሉ እንቁላል ነበራት። ያለቻትን ጊደር ሸጣ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ገዛች፤ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ደርድራ እንደ አራስ ስትጠብቃቸው ከረመች። ሊፈለፈሉ በተቃረቡበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጠፋ። አክስቴ ጋቢዋን ማሽኑ ላይ ጣለች፤ ከዚያ አንድ እንቁላል አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ከውስጥ እየጮኹ ነው» አለችኝ። «ከቀዘቀዙ ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ይሞታሉ። ማስቱ፣ ትንሽ ቤንዚን ፈልጊልኝ።»

ማስቱ የምትለው እኔን፣ ማስተዋልን ነው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ድምፄ ብዙም አይሰማም።

የፈለግነው ይኸው ነው፤ ትንሽ ቤንዚን። ጄኔሬተር ከጎረቤት ተውሰናል፤ ገመዱን ብንስብ ብንስብ አስሎ ዝም አለ። ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ጀሪካኑን ይዤ ወደ ማደያው ሮጥኩ። በዚያ ሳምንት የቤንዚን ዋጋ ጨምሯል፤ የመኪናው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም። በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚቸረችሩትንም ፖሊስ እያሳደደ ስለነበር አንድም አላገኘሁም። ቀጂው ጉተማ ሳልጠይቀው በፊት ጀሪካኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስለ እንቁላሉ ነገርኩት። ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ፤ ግን ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ በአገጩ አሳየኝ። «በጀሪካን ክልክል ነው፣ እህቴ። ታርጋ ያለው ነገር ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ጉተማ አይቀዳም፤ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ታርጋ ያለው ነገር ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። የሸምሱ ባጃጅ ነው። ሸምሱ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ነው። ቤንዚኑን በባጃጁ እንዲቀዳልኝ፣ ከዚያም በቱቦ ስበን ለጄኔሬተሩ እንድናደርገው ለመንኩት። ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ።

«ቲቸር፣ እዚያ ሰልፍ ከገባሁ የምቀዳውን ተራ ስጠብቅ እጨርሰዋለሁ። የኩፖን ሰልፍ ከሆነ እገባለሁ፤ አጭር ነው።»

ኩፖኑን የሚሰጠው ከገበያው በላይ ያለው ሱፐርማርኬት ነው። ብዙ ዕቃ የገዛ ሰው ከቤንዚን ዋጋ የሚቀነስለት ወረቀት ያገኛል፤ ማደያው ላይም ለብቻው ይሰለፋል። ሸምሱ ራሱ ኩፖን አይሰበስብም። ማካሮኒውም ዘይቱም እዚያ ከሰፈር ሱቅ ይወደዳል፤ በማካሮኒ የወሰዱብኝን በቤንዚን ሊመልሱልኝ ነው እያለ ይስቃል።

«ኩፖን አለሽ?» አለኝ።

አለኝ አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ቦርሳዬን ስከፍተው በላስቲክ የታሰረውን ክምር አየ።

«መኪና ገዛሽ እንዴ፣ ቲቸር?»

አልገዛሁም አልኩት። ሞተሩን አስነሳ። ግን ኩፖኑ የዕለቱ ማህተም ከሌለበት ዋጋ የለውም፤ አንዴ ሲሰጥ ይመታል፣ አንዴ ደግሞ ሊቀዳበት ሲል።

ሸምሱ አይሰለፍም፤ ጉተማ አይቀዳም፤ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ስንደርስ አክስቴ ደወለች። ውኃ አፍልታ በጠርሙስ ማሽኑ ውስጥ አስገብታለች። ድምፃቸው ግን ሳስቷል አለችኝ።

ሂሳብ የምትቀበለው ረድኤት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ክምሩን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ይህን ያህል ኩፖን በአንድ ሰው እጅ ሲገኝ ለሥራ አስኪያጁ ሳታሳይ እንዳትለቅ ታዝዛለች፤ እጇን ክምሩ ላይ እንዳደረገች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ማህተሙም እሱ ጋ ነው።

ረድኤት አትለቅም፤ ሸምሱ አይሰለፍም፤ ጉተማ አይቀዳም፤ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ሥራ አስኪያጁ ዘሪሁን ማህተሙን ይዞ ከጓዳ ወጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ማህተም ሊመታ ሲል ሁልጊዜ መጀመሪያ እፍ ይልበታል። ያን ቀን ግን እፍ አላለም። ባለፈው ሳምንት ፖሊስ አንድ የቤንዚን ቸርቻሪ ሲይዝ የዚህን ሱፐርማርኬት ኩፖኖች ኪሱ ውስጥ አግኝቶ ነበር፤ ዘሪሁንም ተጠርቶ ቃል ሰጥቷል። ክምሩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«መምህርት፣ መኪና የለዎትም» አለኝ። «ይህን ሁሉ ለማን ሰበሰቡ?»

ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ሸምሱ ባጃጅ አንድ በአንድ ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«እንቁላሉ የዛሬ ነው። ይህ የአምና ኩፖን ነው። የጠየቅኩዎት ስለ አምናው ነው። መልሱን ካልሰማሁ አልመታም።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ኩፖን ከተጀመረ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኩፖን የሚሰጠው ብዙ ለገዛ ነው፤ ኩፖኑን የሚመታው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ የማልበላውን ማካሮኒ ገዛሁ፤ የማልጨርሰውን ሳሙና ገዛሁ፤ እሱ እፍ ብሎ ሲመታ ቆሜ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኃጢአት አይደለምና ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ ቀልድ አይደለምና ለጓደኞቼ አልነገርኩም። ለእሱማ እንዴት ብዬ? ከኋላዬ ቅርጫት የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል።

እኔ አልናገርም፤ ዘሪሁን አይመታም፤ ረድኤት አትለቅም፤ ሸምሱ አይሰለፍም፤ ጉተማ አይቀዳም፤ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ዘሪሁን ማህተሙን ወደ ኪሱ መለሰ። አንድ እርምጃ ወደ ጓዳው ሄደ። ስልኬ ጮኸ።

«ማስቱ፣ የት ደረስሽ?» አለች አክስቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጆሮዬ ላይ የነበረው ዝም አለ።»

ስልኩን ዘጋሁት።

«አቶ ዘሪሁን» አልኩ። ዞረ። «እርስዎ ማህተም ሲመቱ ለማየት ነው።»

አልገባውም። ፊቱ ላይ አየሁት፤ እንዳልገባው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያው ሹልክ ብዬ በወጣሁ ነበር።

«ለቤንዚን አይደለም» አልኩ። «እርስዎን ለማየት ነበር የምመጣው።»

ቅርጫት የያዙት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ረድኤት አፏን በእጇ ከደነች፤ እንዲህ ስታደርግ ክምሩን እንደለቀቀች እንኳ አላወቀችም። መጀመሪያ የተናገረው በሩን ተደግፎ የቆመው ሸምሱ ነው።

«ታዲያ ቲቸር፣ ይህን ለመናገር ያ ሁሉ ማካሮኒ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘሪሁን አልሳቀም። ግንባሩ ወርዝቷል። ማህተሙን ከኪሱ አወጣ፤ እፍ አለበት፤ መታ፤ ወረቀቱን ስቶ ጠረጴዛውን መታው። እንደገና እፍ አለ፤ እንደገና መታ።

«ነይ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «ጀሪካኑን እኔ ልያዝልሽ።»

እኔ ተናገርኩ፤ ዘሪሁን መታ፤ ረድኤት ለቀቀች፤ ሸምሱ በኩፖኑ ሰልፍ ገባ። ሰልፉ አጭር ነው፤ የኔ ልብ ግን ረጅም ሰልፍ ላይ ነበር። ዘሪሁን ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ሁለታችንም መንገዱን እናያለን። ሸምሱ አላስችል ብሎት ዞረ፤ ጋሼ፣ ለመሆኑ ይህ ኩፖን እውነት ያዋጣል ወይ ሲል ጠየቀው።

ዘሪሁን አሰበበት። ድሮም ሊገዛ ላሰበ ሰው ጥቂት ያዋጣል፤ ለኩፖኑ ብሎ የሚገዛ ግን ይከስራል አለ። ወዲያው እኔ ከጎኑ መሆኔ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

ተራችን ደረሰ። ጉተማ ታርጋውን አየ፣ ማህተሙን አየ፣ ቀዳ። ሸምሱ እንደ አምቡላንስ እየነዳ አክስቴ ግቢ አደረሰን። ቤንዚኑን በቱቦ ስበን ጄኔሬተሩን አጠጣነው። ዘሪሁን ገመዱን ሳበ፤ ጄኔሬተሩ አሳለ። እንደገና ሳበ፤ አሁንም አሳለ። ሸምሱ ተቀብሎት በሙሉ ክንዱ ሲስበው ተንጎደጎደና ተነሳ። የማሽኑ ቀይ መብራት በራ።

እኔ ተናገርኩ፤ ዘሪሁን መታ፤ ረድኤት ለቀቀች፤ ሸምሱ ተሰለፈ፤ ጉተማ ቀዳ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ። እንቁላሉስ?

አክስቴ ዝም ያለውን እንቁላል ገና እንደያዘች ነው። በመዳፏ አቅፋ ወደ ማሽኑ ሙቀት አስጠጋችውና ጆሮዋን ለጠፈችበት። ማን እንደመጣ አልጠየቀችም፤ ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም። አራታችን ጎንበስ ብለን ቆምን። ሞተሩ ውጭ ይንጎደጎዳል። ቆይተን ቆይተን አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንኳኳ» አለች።

ቅርፊቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ ታየች። ስንጥቋ ሰፋች፤ በስንጥቋም ምንቃር ወጣ።

የኔ ተረት እዚህ ተፈለፈለ፤ ቅርፊቱን እናንተ ልቀሙ።