አልወጣም ያለው ሰርዶ

ስሙኝ ልጆች፣ ስሙኝ አዋቂዎች፤ የዛሬው ተረቴ የንዴት ተረት ነው።

ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ያላት ማሳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰርዶ ወረረባት። በክረምት ብታርሰው የተቆረጠው አንጓ ሁሉ እየበቀለ ጭራሽ ባሰበት። ዝናብ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ማሳዋ ላይ ቆመችና፣

«አንተ ሰርዶ፣ ውጣልኝ! ዘንድሮም ጤፍ ካልዘራሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለች።

«አልወጣም» አለ ሰርዶ። በሰው ማሳ! ድፍረቱን አያችሁልኝ?

ወደ ዶማዋ ሄደች። «ዶማ፣ ቆፍርልኝ፤ ሰርዶ አልወጣም አለ!»

«አልቆፍርም፤ አፌ ዶልዱሟል» አለ ዶማ።

ወደ ቀጥቃጩ ወደ ደምለው ሄደች። «አያ ደምለው፣ ዶማዬን ሳልልኝ። ዶማ አልቆፍርም አለ፣ ሰርዶ አልወጣም አለ!»

«አልስልም፤ ደክሞኛል» አለ ደምለው ጥላ ሥር እንደተጋደመ። ከጠዋት ጀምሮ ተጋድሞ፣ ምኑ ነው ያደከመው?

ወደ ሚስቱ ሄደች። «ብርቄ እህቴ፣ ባልሽን ተቆጪልኝ። ደምለው አልስልም አለ፣ ዶማ አልቆፍርም አለ፣ ሰርዶ አልወጣም አለ!»

«አልቆጣም፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። አህያዋ ውሃ አላመጣችልኝም» አለች ብርቄ።

ወደ አህያዋ ሄደች። «አንቺ አህያ፣ ውሃ አምጪ! ብርቄ አልቆጣም አለች፣ ደምለው አልስልም አለ፣ ዶማ አልቆፍርም አለ፣ ሰርዶ አልወጣም አለ!»

«አላመጣም» አለች አህያዋ። «ለምለም ሣር ካላበላሽኝ ውልፍት አልልም።»

የማንጠግቦሽ ደም ፈላ። «ለምለም? በዚህ ሐሩር ለምለም ከየት...» ብላ ድንገት ዙሪያዋን ቃኘች። አገሩ ሁሉ ደርቆ፣ ለምለም የሆነው ያ ማሳዋን የቀማት ብቻ ነበር! ማጭዷን ይዛ ሮጠች፤ አንድ ሸክም ሰርዶ አጭዳ ለአህያዋ ጣለችላት።

አህያዋ በላች፣ ውሃ አመጣች። ብርቄ ጠጣች፣ «ተነስ አንተ ጋዳሚ!» ብላ ባሏን ተቆጣች። ደምለው ደንግጦ ተነሳ፣ ዶማውን ሳለ። ዶማው ቆፈረ። ሰርዶም ከነሥሩ ወጣ።

«በገዛ ቅጠሌ ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ውጣ ስልህ ብትወጣ ምን ነበረበት?» አለችና አንጓውን አንድ በአንድ ለቅማ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ዝናቡ ሲገባ ሰርዶው ክው ብሎ ደርቆ ነበር፤ ጤፉም ተዘራ። ተረቴም ከነሥሩ ወጣ፤ የቀረ አንጓ ካያችሁ ልቀሙልኝ።