አሻፈረኝ ያለው አውራ ጣት

አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ግን ይህን ሰው ስሚው።

ሰውየው በሠርግና በግብዣ በሚጫወት ባንድ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ቤዝ መትቷል። ወደ ጊታር የመጣው ከክራር ነው። ክራር መቺ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠርግና የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ ያስቀራቸዋል። ቤዙንም እንደዚያው ነበር የሚመታው፤ በአውራ ጣቱ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ርኅራኄ። ክሩ ዝቅ ብሎ ለጊታሩ አንገት ብረቶች ከተጠጋ እንዲህ ያለ እጅ ያንኳኳዋል። ስለዚህ ክሮቹን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጣቸው። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ እጁ ራሱ ነው የጠየቀው። ሠርገኛው የሰውየውን ስም ባያውቅም ድምፁን ያውቀዋል፤ መሬቱ ከጫማው ሥር ሲንቀጠቀጥ «መጣ ሰውየው» ይባባላል።

አንድ ቀን ለባንዱ አዲስ መሪ መጣለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተምሯል፣ ጆሮም አለው። በመጀመሪያው ልምምድ ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ዝዝ ሲል ሰማ። ቀረብ ብሎ ክሮቹን አየና ሳቀ።

«ዝዝ ይላል። ደግሞስ ይኼ ጊታር ነው ወይስ የልብስ ማስጫ ገመድ? ውሰድና ሰርቪስ አስደርገው። እንደ ሰው ጊታር ሆኖ ካልመጣ ቅዳሜ መድረክ አትወጣም።»

ቅዳሜ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። በወጉ ቢሆን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ መመረቅ ነበረበት፤ እሷ ግን «አጎቴ፣ አንተ ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ስገባ ቤዝህን ነው መስማት የምፈልገው» ብላ ቃል አስገብታዋለች። ስለዚህ ቤዙን ተሸከመና ሄደ።

ዋናው መንገድ ላይ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ አንድ ጊታር ጥገና ቤት ነበረ። ጠጋኙ ወጣት ነው፤ እጁ ንጹሕ፣ መሣሪያው ሁሉ በየመጠኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የክሮቹን ከፍታ በስስ የብረት መለኪያ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው «እኔ እንኳ ስመታ ትንሽ ጠንከር…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ጠጋኙ «የቤዝ ልክ አንድ ነው ጋሼ» አለና ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሸኘው። እስቲ ይምቱና ልስማ አላለውም። ይህቺን ያዥልኝ።

በማግሥቱ ሲመለስ ቤዙ ተወልውሎ፣ አንገቱ ቀንቶ፣ ክሮቹም በቀጫጭን ተቀይረው ከብረቶቹ ጋር ሊሳሳሙ ደርሰው አገኘው። መታው። ምስማር የተሞላ ጣሳ የተንኳኳ መሰለ።

«ችግሩ ከእጅዎ ነው» አለ ጠጋኙ በትሕትና። «ጊታሩ አሁን ልክ ነው። ቀለል አድርገው ይንኩት።»

ሰውየው አመነ። አየሽ፣ ባለሙያ ሲናገር ሰው የገዛ እጁን ይጠራጠራል። ቤቱ ገብቶ አውራ ጣቱን በፕላስተር ደራርቦ ጠቀለለው፤ ጠንክሮ እንዳይመታ መሆኑ ነው። በታሰረ ጣት ክሮቹን እያባበለ ሲነካካ ዋለ። ማንኳኳቱ ቀረ፤ ድምፁም አብሮ ሳሳ። ሐሙስ ልምምድ ላይ መሪው «አሁን ሰው ሆንክ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ሲጨርሱ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው ድራመር «ዛሬ ቤዝ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀልድ አልነበረም፤ የምሩን ነው።

ሰውየው አፈረ፤ ከዚያ ተናደደ። አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ያስጨፈረ እጅ እንዲህ መቅረቱ አንገበገበው። ቤዙን አነሣና ከልምምዱ ወጣ።

ከገበያው ጀርባ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው በገና ሠሪ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ በገናውንም ክራሩንም ጊታሩንም የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ቤዙን አላገላበጡም፤ መፍቻም አላነሡም። በርጩማ ሰጡትና «እስቲ ምታ» አሉት። በፍርሃት መታ።

«ጣትህ ቆስሏል?»

«አልቆሰለም።»

«ታዲያ ምን አድርጎህ አሰርከው?»

ፕላስተሩን ላጠው፤ ቆዳው ነጥቶ ተጨማዶ ነበር። ከዚያ እንደ ድሮው አንድ ጊዜ አሳረፈበት፤ ክሮቹም በብረቶቹ ላይ ተንጫጩ። አሮጊቷ መዳፋቸውን በቤዙ እንጨት ላይ አድርገው ደግሞ፣ ደግሞ እያሉ አስመቱት።

«እጅህ ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ክሩ ነው ከእጅህ ጋር ያልተዋወቀው።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ልቡ አበጠ። «እንግዲያው ሁሉንም እንደነበረ ይመልሱልኝ! ክሩንም፣ አንገቱንም! ያ ልጅ የነካውን ሁሉ ይፍቱልኝ!»

«ክሩን እመልሳለሁ፤ አንገቱን አልነካም።»

«የኔ ነው እኮ! እንደነበረ እፈልገዋለሁ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ሳቁበት። «መኪና ላይ ጭነህ ፀሐይ ላይ ታውለዋለህ አይደል? አንገቱን ያጎበጠው ፀሐይ ነው፤ ዝዝ ያሰኘውም እሱ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት አጥብቆ ያቀናልህ ልጅ ደግ አደረገ። ጉብጠቱ የፀሐይ ነው፤ እጁ ግን ያንተ ነው።»

ጥርሱን ነክሶ ቤዙን አቀበላቸው። አሮጊቷ ወፍራም ክር ገጠሙለት። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹን የምትሸከመውን ትንሽ አጥንት ጠጋኙ ሞርዶ አሳንሷት ስለነበር በአዲስ ተኩለት። ከዚያ ጥቂት ከፍ ያደርጋሉ፣ ያስመቱታል፤ እንደገና ከፍ ያደርጋሉ፣ ያስመቱታል። ዝዝታውም ማንኳኳቱም ሲጠፋ እጃቸውን አነሡ። ክሮቹ ከድሮው ትንሽ ዝቅ ብለዋል፤ ከጠጋኙ ልክ ግን ገና ብዙ ይበልጣሉ።

ቅዳሜ ድንኳኑ ሞላ። መሪው ክሮቹን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ነበር ያልኩህ? በዚህ አትጫወትም። ውረድ።»

ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። ሰውየው መሪውን ያከብረው ነበር፤ እንጀራውም በመሪው እጅ ነው። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም።

«አልወርድም» አለ። «ዝዝ ይላል አልከኝ፤ እውነትህን ነበር፣ አስቀንቼዋለሁ። እጄን ማሰር ግን አሻፈረኝ! ከፈለግህ ሰኞ ታባርረኛለህ፤ ዛሬ ግን ትሰማኛለህ።»

አውራ ጣቱንም አሳረፈ።

ጠረጴዛ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። ድራመሩ ዞር ብሎ ሳያይ ሳቀና ተቀበለው። ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት ትከሻቸው ተነሣ። ሙሽራዪቱ በሩ ላይ ቆም ብላ ቬሏን ገለጥ አደረገችና ወደ መድረኩ አየች፤ ሳቀችም አለቀሰችም፤ ከዚያ በእስክስታ ገባች። ዝዝ የሚል ነገር አልነበረም።

መሪው አመሰገነው ብዬ አልዋሽሽም። አላመሰገነውም። ግን አላስወረደውም፤ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አዳመጠና ምቱን በእግሩ መያዝ ጀመረ። ሰኞ የሆነውን አትጠይቂኝ፤ ሰውየው ቃሉን የጠበቀው ቅዳሜ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። «ጋሼ፣ አዲሱ ርእሰ መምህር ክፍልሽ ገበያ ሆኗል፣ እንደ ሌሎቹ ጸጥ ይበል፣ ታረሚ አለኝ። ልታረም ወይስ አሻፈረኝ ልበል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ ፊደል የምታስተምሪው በዜማና በጭብጨባ ነው፤ ልጆችሽም ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ያነባሉ። ርእሰ መምህርሽ አንድ ቀን እንኳ ከልጆቹ መሃል ተቀምጦ ሰምቶሻል? አልሰማሽም። በኮሪደር ሲያልፍ ነው የፈረደብሽ። ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። እስቲ ምቺው ያላለሽ ሰው ሊያቃናሽ አይችልም።

ግን ቶሎ አትኩሪ። ደብተር ሳታርሚ ሳምንት ታሳልፊያለሽ፤ ጠዋትም ታረፍጃለሽ፤ ጎረቤትሽ ስለሆንኩ አየዋለሁ። እሱ እጅሽ አይደለም፤ ጉብጠትሽ ነው። የተናገረው ማንም ይሁን ማን፣ አቅኚው፤ አለዚያ እምቢታሽ ራሱ ዝዝ ይላል። ዜማው ግን እጅሽ ነው፤ እሱን ለማንም አትስጪ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በሹክሹክታ ታስተምሪያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ልጆቹ «ዛሬ መምህር የለችም እንዴ?» ሳይሉሽ ፕላስተሩን ላጪው። ነገ በሰዓቱ ድረሺ፤ ደብተሮቹን አርመሽ ያዢ፤ በሩን ክፈቺና «ይግቡ፣ መጀመሪያ ይስሙን» በይው። ሰምቶ የሚልሽን እኔም አብሬሽ እሰማለሁ። ሳይሰማ ዝም በሉ ካለ ግን፣ ያን ጊዜ ከሀ ጀምሪና ከነልጆችሽ ጮክ በይ።