አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድረው ብስክሌት

አንድ ልብስ ሰፊ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ስሙ መንበሩ ይባላል። አብረውት የሚኖሩት ሽማግሌ አባቱ ጋሽ ቢተው ናቸው። ጋሽ ቢተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን እግራቸው ከድቷቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ካልሆነ አይንቀሳቀሱም። ለዚያውም በመንበሩ ክንድ ተደግፈው ነው።

መንበሩ አንድ ብስክሌት ነበረው። ብስክሌት ስላችሁ ዝም ብሎ ብስክሌት እንዳይመስላችሁ! ስንት ዓመት ሲመኘው ኖሮ ያገኘው፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ውሃ የሚያብለጨልጭ ነው። ጠዋት ጠዋት በዛፎቹ ጥላ ሥር እየነዳ ወደ ሥራው ሲሄድ መሬት ላይ ያለ አይመስለውም። ሐይቁ በግራው በኩል አብሮት ይሄዳል፤ ነፋሱ ሸሚዙን ይነፋዋል፤ እሱም ዓይኑን ገልጦ ያልማል። ደስ ይለው ነበር፣ ምን ያደርግ!

ጭንቁ ቤት ሲደርስ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ መንበሩ ደግሞ ብስክሌቱን ታች ትቶ መግባት ሞቱ ነው። ዘንጉን ትከሻው ላይ ያነግትና ያን ሁሉ ደረጃ ይያያዘዋል። በየመታጠፊያው መሪው ግድግዳ ይፍቃል፤ ፔዳሉ ቅልጥሙን ይመታዋል። በሩ ላይ ሲደርስ ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ እንደ እንግዳ ያስገባዋል። በነጋታው ያንኑ ተሸክሞ ይወርዳል።

ምድር ቤት የሚኖሩት የዕድሩ ዕቃ ያዥ እትዬ ዘርትሁን አንጀታቸው አልችል ብሎ አንድ ቀን አስቆሙት።

«አንተ ልጅ፣ ወገብህን ልትቆርጠው ነው እንዴ? ደረጃው ሥር የዕድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ክፍል አለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እዚያ አስገባው።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ግን ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ልቤ አያርፍም።»

«እስከ ዛሬ ድንኳን ጠፍቶብን ያውቃል?»

«ድንኳንማ ማን ይፈልገዋል እትዬ? ይሄ እኮ ሳይክል ነው!»

«በል እንደፈቀደህ» ብለውት ገቡ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ለብስክሌቱ የሚበቃው ቦታ ከበረንዳው በር ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የጋሽ ቢተው ወንበር ነበረች። እዚያ ተቀምጠው በሕንፃዎቹ መካከል ቀጭን የሐይቅ ቁራጭ ያዩ ነበር። መንበሩ ወንበሯን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጋትና «ትንሽ ብቻ ነው አባባ» አላቸው። «ምን ችግር አለው» አሉ። ጠዋት ብስክሌቱ ሲወጣም ወንበሯ እዚያው ቀረች፤ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ያሰበ አልነበረም።

ጋሽ ቢተው አንድ ነገር ብቻ ይለምኑት ነበር።

«መንበሬ፣ አንድ ቀን ብታወርደኝ። ውሃው አጠገብ ትንሽ ብቀመጥ ይበቃኛል። ከዚህ ቤት ከወጣሁ እኮ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«አባባ፣ አራት ፎቅ እኮ ነው! እርስዎን ተሸክሜ? ትከሻዬ አልቋል። ትንሽ ሲሻለኝ አወርድዎታለሁ።»

እውነቱን ለመናገር መንበሩ ክፉ ልጅ አልነበረም። ያበላቸዋል፣ እግራቸውን ያጥባል፣ ሲያማቸው አይተኛም። ትከሻዬ አልቋል ማለቱም ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ አልቋል። ምን እንደጨረሰው ግን አንድም ቀን ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ጋሽ ቢተውም ሊነግሩት አልደፈሩም፤ ልጃቸው ያን ብስክሌት ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ያያሉዋ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ብስክሌቱን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው አያልቅም። በየፎቁ የገዛ ቤቱ በር አለ፤ ሊከፍተው ሲል በሩ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል። ግድግዳው ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። ከላይ የእግር ኮቴ ሰማ። ቀና ቢል ጋሽ ቢተው በጎልማሳነታቸው፣ መዶሻቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው፣ በሁለት እግራቸው እየወረዱ ነው።

«መንገድ ልቀቅልኝ ልጄ» አሉት።

መንበሩ ሊያሳልፋቸው ሞከረ። የብስክሌቱ መሪ ግን ከደረጃው ብረት ጋር ተቆላልፎ አልላቀቅ አለ። ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ወይ ፍንክች! አባቱ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እየጠበቁ ፀጉራቸው ነጣ፣ እግራቸው ቀጠነ። አንዴም አልተቆጡም።

ባነነ። አባቱን ሲፈልግ፣ ወንበራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን በብስክሌቱ ጎማ ሽቦዎች መካከል አሾልከዋል። ከበረንዳው በር ሥር መዳፍ የምታህል ፀሐይ አርፋለች። እሷን ሊነኩ ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ጋሽ ቢተው ክው ብለው ደነገጡ። «ምንም። እጄን በርዶኝ ነው። ሳይክሉን አልነካሁትም።»

በገዛ ቤታቸው! መንበሩን እፍረት ከእግር እስከ ራሱ ወረረው። ተነሥቶ ብስክሌቱን ወደ ጎን ገፋና ለአባቱ ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ጀርባዬ ላይ ይውጡ። እንወርዳለን።»

«ተው ልጄ፣ ትከሻህ...»

«ይውጡ አባባ!»

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ታዝዬ? ጎረቤት ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

አዘላቸውና ወረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ መንበሩ ድንገት ቆመ።

«ደከመህ አይደል? ብዬህ ነበር እኮ» አሉት።

አልደከመውም። ጉዱ ይሄ ነው! አባቱ ጀርባው ላይ ከብስክሌቱ ይቀልሉት ነበር። ያን ሁሉ ጀልባ ይገለብጡ የነበሩት ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ከበዱኝ» ያላቸው አባቱ፣ ከገበያ ከሚሸከመው ጣቃ ጨርቅ አይበልጡበትም። መንበሩ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ጋሽ ቢተው ነገሩ አልገባቸውም። «አይዞህ፣ ቀስ በል፣ እንረፍ» እያሉ ራሱን ይደባብሱት ነበር።

ታች ሲደርሱ እትዬ ዘርትሁን «እሰይ! እሰይ ጋሽ ቢተው!» እያሉ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር አወጡላቸው። መንበሩ ተመልሶ ብስክሌቱን አወረደ። ብርድ ልብስ አጥፎ ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ላይ አነጠፈ፤ አባቱን አስቀመጠ፤ በአንድ እጁ እሳቸውን፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ እየገፋ ሐይቁ ዳር አደረሳቸውና ውሃው አጠገብ አስቀመጣቸው። ጋሽ ቢተው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ብዙ ቆዩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ ከድንኳኑ ጋር ያድራል። ተሰረቀ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልተሰረቀም። ደወሉ ብቻ የት እንደገባ አይታወቅም፤ መንበሩም አልፈለገውም።

ወዳጆቼ፣ «አቅም የለኝም» ስንል ብዙ ጊዜ እውነታችንን ነው። አቅማችን ግን ዝም ብሎ አላለቀም፤ በየቀኑ ሳናስተውል የምንሸከመው ነገር ጨርሶታል። የምንወደው ሰው ደግሞ እንደምንፈራው ከባድ አይደለም፤ ቆይተን ብናነሣው ደግሞ ከመጠበቅ ብዛት ቀልሎ እናገኘዋለን። እስቲ ዛሬ ትከሻችሁን ጠይቁት፦ ማንን አስቀምጦ ነው ምን የተሸከመው?