ሐጂ ሙዘይን ያላሳረፉት እጅ

ስሟን መጥቀስ በማያስፈልገን አንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የሻይ ቀማሽ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሻይ ነው። ቅጠሉን ቀምሰው ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ በዝናብ ወይም በድርቅ እንደተለቀመ ይናገራሉ። ታሪኩንም ከመርከበኞችና ከሐጅ ተጓዦች አፍ ለቅመው አጠራቅመውት ነበር። ሻይ ከቻይና እንዴት እንደወጣ፣ በየትኞቹ ወደቦች እንዳለፈ፣ በከተማቸው መጀመሪያ ማን ቤት እንደተፈላ ሲያወሩ አዛን ካልተሰማ በቀር ከአጠገባቸው የሚነሣ አልነበረም።

መርከብ ሲገባ የሻዩ ሣጥን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት በኋላ ገበያ መሐል ይከፈታል፤ ሻዩም ተፈልቶ በብርጭቆ ይቀዳል። ሐጂ ይቀምሳሉ፤ ደህና ከሆነ ቀኝ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈው «አላህ ምስክሬ ነው፣ ይህ ንጹሕ ነው» ይላሉ። እጃቸው ያረፈበት ሳያድር ይሸጣል፤ ያላረፈበትን ዞሮ የሚያየው የለም። ከጊዜ ብዛት ነጋዴው ሁሉ ራሱ መቅመሱን ተወ።

አንድ ዓመት ጽኑ ትኩሳት ጣላቸው። አላህ ዓፊያ ሰጥቷቸው ሲነሡ ባለቤታቸው ሩቅያ ሻይ አፍልታ አቀረበችላቸው።

«ውሃ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?»

«የሚወዱትን ሻይ ነው እንጂ።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ቀይ ነው። ደግመው ተጎነጩ፤ ሙቀት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። ለሷም ለማንም ሳይናገሩ፣ ምላሳቸው እንዲመለስ በሱጁድ ለመኑ።

ሳይመለስ መርከብ ገባ። ጭነቱ የሪድዋን ነበር። ሪድዋን የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ የቲም ሆኖ ሲቀር ወስደው ያሳደጉት፣ የሚያውቁትን ታሪክ ሁሉ ያስተማሩት። ቤቱን ሸጦ ነበር ሻዩን ያመጣው። ገበያው ሳይከፈት ጠርተው ነገሩት።

«ምላሴ ሞቷል፣ ልጄ።»

«ማን ያውቃል?»

«አላህ። አሁን ደግሞ አንተ።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ሻይ ነው። እርስዎ እጅዎን ብቻ ያሳርፉ።»

«ከቀመስከው አንተ መስክር።»

«የኔን እጅ ማን ከእጅ ይቆጥረዋል፣ አባባ? ይህ ካልተሸጠ ልጆቼን የት ላስገባቸው ነው?»

ሐጂ ዐይኑን ፈለጉት። ሪድዋን ምንጣፉን ነበር የሚያየው።

ከዐስር በኋላ ገበያው ሞላ። ሰልማን የሚባል ቀልደኛ ነጋዴ «ሐጂ፣ ዛሬ እንኳ ታሪኩን ያሳጥሩልን፤ ቻይና ደርሰን እስክንመለስ መግሪብ ይገባል» አለና ሰዉን አሳቀ። ሐጂ ቀመሱ። ምንም የለም። እጃቸው ተነሥታ ሣጥኑ አፍ ድረስ ሄደች። ሪድዋን ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። የወንድማቸውን ግንባር በልጁ ግንባር ላይ አዩት፤ እጃቸውን ግን መልሰው ወደ ጉያቸው አስገቡ።

«አላውቅም» አሉ። «ትኩሳቱ ምላሴን ወስዶታል። እናንተው ቅመሱት።»

«ሻዩ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይበሉን እንጂ» አለ ሰልማን። «ለወንድም ልጅ ሲባል ታምሜያለሁ ማለት ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ሪድዋን ተነሣ። «አትፍረዱባቸው፤ ሕመሙ ምላሳቸውን ሳይሆን ልባቸውን ነው የነካው። አንዳንዴ እኔንም አይለዩኝም» አለ። ከዚያም የራሱን እጅ ሣጥኑ ላይ አሳርፎ አላህን ምስክር ጠራ። ሻዩ ከየት ተነሥቶ በየት እንዳለፈ በአጎቱ አነጋገር፣ በአጎቱ ቃል ተረከው። ብርጭቆው ተቀድቶ እዚያው ነበር፤ አንድም ሰው አላነሣውም። ሁሉም ገዛ።

ሻዩ የባሕር ውሃ ገብቶበት ኖሮ በየቤቱ ሻገተ። ሪድዋን ግን ቤተሰቡን ይዞ በመርከብ ሄዷል። ሰው ቁጣውን የሚያራግፍበት ሲያጣ «ያሳደገው ማን ሆነና?» አለ። የሐጂን ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ፤ በደጃቸው የሚያልፍም መንገድ ቀየረ።

የመስጊዱ ኢማም ብቻ ሊጠይቋቸው መጡ። «ያን ቀን ዝም ብለው እጅዎን ቢያሳርፉ ኖሮ ልጁም ተቀይሞ አይሄድብዎ ነበር። አይቆጭዎትም?» አሏቸው።

«ይቆጨኛል» አሉ ሐጂ። «ሰው ቢያዝንብኝ ግን ማስታረቂያ ሽማግሌ አላጣም። አላህን ለማላውቀው ነገር ምስክር ከጠራሁት በኋላ ማንን ሽማግሌ እልካለሁ?»

ሐቀኛ ሰው በዱንያም ያተርፋል የሚል ሰባኪ አይጠፋም። ገበያ ውሎ የገባ ሰው ሒሳቡ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደማይወጣ ያውቃል። ሐጂ ሙዘይን ከስረዋል። ምላሳቸው አልተመለሰም፣ ልጃቸው አልተመለሰም፣ ስማቸውም አልተመለሰም፤ የሐቀኝነታቸው ዋጋ፣ አጅራቸው፣ ያለው ከአላህ ዘንድ ብቻ ነው። ከተማዋን ያከሰራት ግን ሪድዋን ብቻ አይደለም። ሁሉም ምላስ ነበረው፣ ሻዩም ፊቱ ቀርቦለት ነበር። አንድ ሷሊሕ፣ ቅን ሰው አለን ብለው መቅመስ ተዉ፤ እሳቸው አላውቅም ሲሏቸው የሚያውቅ የሚመስለውን ፈለጉ። የአንድ ሰው ተቅዋ፣ አላህን መፍራቱ፣ ለራሱ ቢበቃ ነው። ለከተማ አይከፋፈልም።