አፍንጫ የማይያዝበት ደንጊያ

ከሸልቃ ከተማ በታች፣ የሞተ አህያና በቅሎ በሚጣልበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ጠፍጣፋ ደንጊያ አለ። በሽተኛ ለማስታመም ወይም አስከሬን ለማጠብ የተጠራ ሰው መጀመሪያ እዚያ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ጥንቡ አዙሮ፣ ትንፋሹን እያዳመጠ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አፍንጫ መያዝ ነውር ነው። ደንጊያውን የሚጠብቁት የእኔ ወገኖች ናቸው፤ ኮሌጅ ሳለሁ ግን ሽታው ልብሴ ላይ ያለ እየመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው በቅድመ አያታችን በይመኙሻል ነው። ደርሶ የሚባለው ባሏ ከጨው ንግድ መንገድ እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። ቁስሉ እየሰፋ፣ መግሉ ከተኛበት ቁርበት አልፎ መሬቱን እያራሰ ሄደ፤ ትልም አፈራ። ጠረኑ ከደጅ ስለሚቀበል ጎረቤት መምጣት አቆመ። ይመኙሻል ውኃ አሙቃ እስከ በሩ ትደርስና፣ ጠረኑ ሲመታት አስቀምጣው ትሸሻለች። ዓይናቸው የጠፋው አማቷ «ያገባሽው መልኩን ነበር እንዴ?» ይሏታል። እሳቸው ትሉን አይተው ሊለቅሙለት አይችሉም፤ እሷ ካልገባች ደርሶ ብቻውን በስብሶ ማለቁ ነበር።

አንድ ቀን ጥላው ወደ እናቷ አገር ስትሄድ በገደሉ በኩል አለፈች። ራሱን የተላጨ፣ ብጫ ጨርቅ የለበሰ ባዕድ፣ ሆዱ የተነፋ የበቅሎ ጥንብ ፊት ለፊት ዓይኑን ሳይነቅል ተቀምጧል። ከሲሎን ደሴት በመርከብ መጥቶ ከጨው ነጋዴዎች ጋር የወጣ የቡድሃ መነኩሴ ነበር ይባላል። ቋንቋውን የሚሰማው ነጋዴ፣ ሐጂ ቡሽራ፣ በጥምጥሙ ጫፍ አፉን ሸፍኖ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሐጂ፣ ይኼ ሰው ጅብ ነው እንዴ? አይቀፈውም?»

ሐጂ ጠየቀላት። «ይቀፈኛል ይላል።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ሲቀፈኝ፣ መቀፉን አያለሁ፤ ትንፋሼን እከተላለሁ፤ አልነሳም ይላል። እኔ እንኳ ቢነሳልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እኅቴ።»

እሷም ተቀመጠች። ሽማግሌዎች እንደሚሉት መነኩሴው ባረካት፣ መጸየፏም እንደ ጉም ተነነ፣ ደርሶንም አጥባ አዳነችው። በእኛ ቤት ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ግን ሌላ ነው፤ ለውጭ ሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይመኙሻል ደንጊያው ላይ አስታወከች። አፏን ጠርጋ ተቀመጠች፤ እንደገና አስታወከች፣ እንደገና ተቀመጠች። ሲመሽ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የመጀመሪያው ትል በጣቶቿ መሃል ሲፈርጥ ወጥታ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣች፤ ተመልሳም ገባች። በየቀኑ እንዲሁ ነበር። ደርሶም አልዳነም፤ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተኝቶ፣ እጇን እንደያዘ ሞተ። መጸየፉ ግን አንድ ቀን እንኳ አልለቀቃትም።

ባለፈው ክረምት አባቷን ልታስታምም የመጣች ሴት ደንጊያው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «እትዬ፣ መቼ ነው የሚለቀኝ?» አለችኝ።

መሬት መሬት እያየሁ «እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም» አልኳት።

ወደ ጎን ዞር ብላ አስታወከች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «በሉ፣ ውኃ ላሙቅ» ብላ ወደ አባቷ ቤት ወጣች። ሰዎች ዝንቡ ከጥንቡ የመጣ ይመስላቸዋል እንጂ፣ ከደንጊያው ሥር ዝንብ የማይጠፋው በዚህ ትውከት ምክንያት ነው።