ዶሮ የታቀፈችበት ዝግ መኪና

ተረት ልጀምር ነው፤ የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም ጠጋ ጠጋ ይበል!

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ መንበሩ የሚባል መካኒክ ነበር። ሚስቱ ዘርፌ ትባላለች። መንበሩ ሁለት ነገር ይወዳል፤ ዘርፌንና መኪናውን። መኪናዋ ቀይ ናት፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያ የሚባል ነገር ያልተፈጠረላት የስፖርት መኪና። አንድ ግሪክ ጥሏት ከሄደበት ግቢ አውጥቶ፣ ዝገቷን ፍቆ፣ ሞተሯን በገዛ እጁ ገጣጥሞ ነው ያስነሳት። ከተማው በሙሉ «ክፍቷ» ይላታል። ክፍቷ መጣች፣ ክፍቷ ሄደች!

ታዲያ ምን ያደርጋል? ዘርፌ አትገባባትም።

«በላብ ላይ ንፋስ? ምች ሊመታኝ? አንገቴ ተጣሞ ልቅር? ሰው በጤናው ጣሪያ በሌለው ነገር ይሄዳል?» ትላለች።

መንበሩ አንድ ጊዜ ሸራ አሰፍቶላት ነበር። ብቻውን ሊሞክረው ሲወጣ፣ ሸራው ገና ሳቢያን ሰፈር ሳይደርስ ተገንጥሎ በረረና አንድ ግመል ጭንቅላት ላይ ዐረፈ። ግመሉ እስከ ዛሬ ቀይ መኪና ሲያይ ይሸሻል አሉ።

ዘርፌ ደግሞ ስለት አለባት። መንበሩ በታይፎይድ ተይዞ «አለቀለት» ሲባል፣ «ይህን ሰው ብቻ ተውልኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሳላጓድል ጃንጥላ ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ» ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ተወላት። ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥ ገብርኤል በመጣ ቁጥር ዘርፌ በአውቶቡስ፣ መንበሩ በክፍቷ ከኋላ ከኋላ። «ከእኔ ጋር በአውቶቡስ ግባ» ስትለው፣ «እኔ መንበሩ መኪና እያለኝ፣ መስኮት ተዘግቶ በሰው ትንፋሽ ልቀቀል? በሕይወቴ አልገባም!» ይላል። እሱም ግትር፣ እሷም ግትር። አሥራ አንድ ዓመት በደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ የሚያየው የአውቶቡሱን የኋላ መስታወት፣ በመስታወቱ ውስጥም የዘርፌን ነጠላ ነው። ሚስቱን ከፊቱ አስቀድሞ ሚስቱን ይናፍቃል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ነው። «ስለቴን ከጨረስኩ ያንን ዳገት ዳግም አላየውም» ብላለች። በዓሉ ነገ ነው። መንበሩ ጠዋት ተነስቶ ክፍቷን ሲወለውል ባዶውን ወንበር ደግሞ ደጋግሞ ወለወለው። አንድ መንገድ ብቻ፣ አንዲት መንገድ፣ ዘርፌ ከጎኑ! ሌላ ምንም አልፈለገም።

ወደ ድንቁ ሄደ። ድንቁ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ ነው፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት። የእሱም የስፖርት መኪና ሁለት ወንበር ነው፤ ግን ጣሪያ አለው፣ ዝቅ ያለ፣ ጠበቅ ያለ። ዐዋቂዎቹ ኩፔ ይሉታል፤ እኛ ዝጉ እንበለው። ድንቁ ሲገባበት ሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይደልቃል።

«ድንቁ፣ ክፍቷን ውሰድ፣ ዝጉን ስጠኝ።»

«ጋሽ መንበሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አንገቴ በቃኝ ብሏል። አሁኑኑ በለወጥን፤ ግን ና እስቲ ጉዴን እየው።»

አየ። መስኮቱ ክፍት ቀርቶ የጎረቤቱ የእትዬ ሽታዬ ዶሮ ገብታለች፤ በሾፌሩ ወንበር ላይ ዕንቁላሏን ታቅፋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ «እስቲ ንካኝ!» የምትል ትመስላለች። ድንቁ የተነቆረ እጁን አሳየው። «እትዬ ሽታዬም ዶሮዬን የነካ ጎረቤቴ አይደለም ብለዋል።»

ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ ዘርፌ ከመንበሩ ጎን አትቀመጥም።

ወደ እትዬ ሽታዬ ሄደ። «እትዬ፣ ዶሮዎን ያንሱልኝ።»

«የት ላድርጋት? ራሴ ላይ?» አሉ እትዬ ሽታዬ። «ካርቶን አሳየኋት፣ ናቀችው። ሣጥን አሳየኋት፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እሷ ሆደ ሰፊ፣ አፈ ጠባብ ቅርጫት ነው የምትፈልገው። እንደዚያ ያለ ያለው ቀፊራ ገበያ፣ ፋጡማ ዘንድ ነው። አምጣና ውሰድ።»

ቅርጫቱ ካልመጣ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ ዘርፌ ከመንበሩ ጎን አትቀመጥም።

ክፍቷን አስነስቶ ቀፊራ ገባ። ፋጡማ ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ ሳቋ ከገበያው ጫፍ ይሰማል። ቅርጫቱም አለ፤ ግን አፉ ድረስ በበሰለ ፓፓያ ሞልቷል።

«አቦ ጋሼ፣ ቅርጫቱን ውሰደው፤ ፓፓያዬን ግን መሬት አላፈሰውም፣ ይፈርጣል። ይልቅ እዚያ ባዶ ወንበርህ ላይ ልገልብጥልህ?»

«አይሆንም!» አለ መንበሩ፣ ድምፁ ራሱን እስኪያስደነግጠው። «ወንበሩ ሰው አለው።»

ፋጡማ ወንበሩን አየች፣ ግራ ቀኙን አየች። «የታለ ሰውዬው?»

«ይመጣል።»

«ወላሂ፣ ቆይቷል እንዴ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

ሳቋ ቆመ። «እንግዲያስ ጁስ ቤቱ ያሲን ጋ ሂድ፤ ፓፓያውን ይውሰድልኝ፣ ቅርጫቱ ያንተ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

ፓፓያው ካልተነሳ ቅርጫቱ አይለቀቅም፤ ቅርጫቱ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ ዘርፌ ከመንበሩ ጎን አትቀመጥም።

ያሲን ደጁ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ጁስ ቤቱ ውስጥ ሰውም የለም፣ ድምፅም የለም።

«ያሲን፣ የፋጡማን ፓፓያ ውሰድ።»

«በምን ልፍጨው፣ በጥርሴ? ሽቦዬ ጣሪያ ላይ ተበጥሶ መፍጫዬ ቆሟል። ኤሌክትሪሻኑ ተካልኝ መጥቶ ይቀጥልልኝ እንጂ ፓፓያውን ከነቅጠሉ እወስዳለሁ! አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ፓፓያ ለፓፓያ የምትሯሯጠው?»

«ዘርፌን ከጎኔ ላስቀምጥ ብዬ።»

«በፓፓያ?» አለ ያሲን። ሊስቅ ነበር፤ የመንበሩን ፊት ሲያይ ተወው።

መብራት ካልመጣ መፍጫው አይዞርም፤ መፍጫው ካልዞረ ፓፓያው አይነሳም፤ ፓፓያው ካልተነሳ ቅርጫቱ አይለቀቅም፤ ቅርጫቱ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ ዘርፌ ከመንበሩ ጎን አትቀመጥም። ውይ፣ ትንፋሼ!

ተካልኝን ከሱቁ አገኘው። ፒንሳው በኪሱ፣ ሽቦው በትከሻው፣ እሱ ግን እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ተካልኝ፣ ተነስ! የያሲንን ሽቦ ቀጥል።»

«በምን ልውጣ፣ በክንፌ? መሰላሌን ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ተውሰውኝ እስካሁን አልመለሱም። ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ ሁለቴ ተቆጥተው መለሱኝ።»

«የማን ሚስት ናት እንዲህ ሰው ሥራ የምታስፈታው?» ብሎ መንበሩ ጮኸ።

ተካልኝ ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሽ መንበሩ፣ ያንተ ናቸው።»

መሰላሉ ካልመጣ መብራት የለም፤ መብራት ካልመጣ መፍጫው አይዞርም፤ መፍጫው ካልዞረ ፓፓያው አይነሳም፤ ፓፓያው ካልተነሳ ቅርጫቱ አይለቀቅም፤ ቅርጫቱ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ ዘርፌ... ዘርፌማ ቤቷ ጣሪያ ላይ ናት!

እውነትም ጣሪያ ላይ ናት። ቆርቆሮው ላይ በርበሬ አስጥታ፣ እጇ ቀልቶ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀምጣለች። መሰላሉ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ዘርፍዬ፣ ውረጂ፤ መሰላሉን እፈልገዋለሁ።»

«አልወርድም። ከፈለግህ ውሰደው፤ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ገብርኤል ከዚህም ይሰማኛል።»

«ኧረ ባክሽ! መሰላሉ ካልሄደ መብራት የለም፤ መብራት ካልመጣ መፍጫው አይዞርም፤ መፍጫው ካልዞረ ፓፓያው አይነሳም፤ ፓፓያው ካልተነሳ ቅርጫቱ አይለቀቅም፤ ቅርጫቱ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ዝጉ አይወጣም፤ ዝጉ ካልወጣ...»

እዚህ ላይ አቋረጠ። ለፋጡማ ያለውን፣ ለያሲን ያለውን፣ ለራሷ ለዘርፌ መናገር አቃተው።

«ካልወጣ ምን?»

«ምንም።»

«የምን ዶሮ ነው የምትቀባጥርብኝ? እኔ የምፈልገውን ልንገርህ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ዘርፌ ቆማ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። «አሥራ አንድ ዓመት ከማላውቀው ሰው ጎን ተቀምጬ፣ በየጠመዝማዛው አንገቴን አዙሬ፣ ገደል ገባ ወይስ አለ እያልኩ አንተን ስፈልግ ኖሬአለሁ። ከሞት ለምኜ ያስቀረሁህ ከኋላ ከኋላ ልታደርቀኝ ነው? ለነገ ሁለት ቦታ ይዣለሁ። አጠገቤ እቀመጣለሁ በል፤ አለዚያ አልወርድም!»

«አውቶቡስ?»

«አዎ፣ አውቶቡስ!»

መንበሩ ሽቅብ አያት። እሷም ዞራ ዞራ ታየው ኖሯል? በዚያ ነጠላ ውስጥ ያለው ጭንቅላት የሚዞረው እሱን ፍለጋ ኖሯል? አፉን ሞልቶ የተናገረው ሁሉ፣ «በሕይወቴ አልገባም» ያለው ሁሉ፣ አፉ ውስጥ እንደ ዱቄት ሆነበት።

«እሺ።»

«ምን አልክ?»

«እሺ አልኩሽ። በአውቶቡስም ቢሆን፣ በግመልም ቢሆን፣ አጠገብሽ።»

ዘርፌ እንባዋን በበርበሬ እጇ ልትጠርግ ስትል፣ «ኧረ ዓይንሽን!» ብሎ ጮኸባት። እየሳቀች ወረደች።

ዘርፌ ስትወርድ መሰላሉ ተለቀቀ፤ መሰላሉ ሲለቀቅ ተካልኝ ወጣ፤ ተካልኝ ሲወጣ ሽቦው ተቀጠለ፤ ሽቦው ሲቀጠል መፍጫው ዞረ፤ መፍጫው ሲዞር ፓፓያው ተነሳ፤ ፓፓያው ሲነሳ ቅርጫቱ ተለቀቀ፤ ቅርጫቱ ሲደርስ ዶሮዋ እየተራገመች ከነዕንቁላሏ ገባች፤ ዶሮዋ ስትገባ ዝጉ ወጣ! ድንቁም ክፍቷ ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ቀና አደረገ፣ ምንም አልነካውም። «ለካ ሰማይ እንዲህ ሩቅ ነው!» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ዘርፌ ጃንጥላዋንና ጧፏን ይዛ ስትወጣ ዝጉ ደጅ ላይ ቆሟል።

«አውቶቡስ አላልክም?»

«አጠገቤ ነው ያልሽው።»

አንድ ጊዜ ዞረችው። የመስኮቱን የጎማ ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፤ መዳፏን ክፍተቱ ላይ አድርጋ ንፋስ እንዳይኖር ፈተነች። ከዚያ ሁለቱን የአውቶቡስ ቦታ ለእትዬ ሽታዬና ለተካልኝ ላከችና ገባች። በሩ ሲዘጋ ዓለም ዝም አለች። መንበሩ የሚስቱን ትንፋሽ ሰማ።

ደንገጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ንፋሱ ውጭ ያፏጫል። መንበሩ ቀስ አለ። ከዚያ ይበልጥ ቀስ አለ። ከኋላው መኪና ተሰለፈ፤ ጡሩንባ ይነፋል፣ ሰው ከመስኮት ይሳደባል። ድንጋይ ተሸክመው በእግር የሚወጡ ስለተኞች ሳይቀሩ አለፉት፤ አንዲት አሮጊትም ዞር ብለው በዘንጋቸው ጣሪያውን መታ መታ አደረጉና «በርታ ልጄ» አሉት።

«ምነው፣ ሞተሩ ደከመው እንዴ?» አለች ዘርፌ።

«አልደከመውም።»

ዘርፌ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።

«እንግዲያስ አትፍጠን።»

እነሱ ይሂዱ፤ እኔ እዚህ ጋ እወርዳለሁ፤ ወራጅ አለ!