የወይዘሮ አጸደ ካካዎ

በእኛ በቴፒ፣ ለእርቅ ከተቀመጡት ባለጉዳዮች አንዱ «አሁኑኑ ይቅር ካልተባልኩ» ብሎ ሲጣደፍ፣ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ላልለመዳት ሰው ስለ ምግብ የተነገረች ትመስላለች። ምግብማ ምግብ ናት፤ ግን እስቲ መጀመሪያ ወይዘሮ አጸደ ያለቀሰችውን ስሙ።

አጸደ ደግ ሴት ነበረች፤ ጥድፊያዋ ግን አይጣል ነው። ባሏ እንግዳሸት ችግኝ ጣቢያ ይሠራ ነበርና ጓሮው ውስጥ ጥቂት የካካዎ ዛፎች ተክሎ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ለአንድ ልጁ ለትርንጎ ቸኮላት ይሠራላታል። የሱቁ እንዳይመስላችሁ! ፍሬውን ከልጣጩ ፈልፍሎ በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ሳምንት ያህል ያብላላዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ይቆላዋል፣ ቅባቱ እስኪወጣ ይወቅጠዋል። የጫካ ማርና ቆንጠር ያለ ኮረሪማ ጨምሮ ቅጠል ላይ ያረጋዋል፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ትርንጎ ጣቷን እየላሰች ያደገችው በዚህ ነው።

ትርንጎ ደሴ ተድራ ድርስ ነፍሰ ጡር ሳለች አባቷ ታመመ። አጸደም እንደ አገሩ ልማድ «ትደነግጥብኛለች» ብላ ደበቀቻት። ሰውየው አረፈ፣ ተቀበረ። ልጅቱ መርዶውን የሰማችው ወልዳ ከተነሣች በኋላ ነው። መጥታ መቃብሩ ላይ ተንከባለለች፤ እናቷን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። «አባቴን ሳልሸኘው!» እያለች ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ለእንኳን አደረሰሽ ካልሆነ በቀር ስልክ እንኳ አልደወለችም።

አጸደን ልጇ እንዴት ናፈቀቻት መሰላችሁ! አውቶብስ ጡሩንባ በነፋ ቁጥር ደጅ ብቅ ትላለች። ካካዎው ሲበስል ደግሞ ይብስባታል። ቢጫውን ፍሬ ታቅፋ «እንግዳዬ፣ አንተስ አረፍክ፤ ልጅህን ማን ያምጣልኝ?» እያለች ታነባለች።

በስንት ጊዜዋ ትርንጎ ደወለች። ልጇን ለአማቷ ትታ ለባሏ ዘመድ ሠርግ እዚሁ አቅራቢያ ሚዛን ከተማ እንደምትመጣ፣ ስትመለስ እናቷ ቤት እንደምታድር ተናገረች። አጸደ ወዲያው ፍሬ ልትለቅም ጓሮ ገባች። የእንግዳሸትን ቸኮላት አቅምሳ የልጇን ልብ ልትመልስ! ምን ያደርጋል፣ ፍሬው ቅጠል ውስጥ ከገባ ገና ሁለት ቀን ሳይሞላው ትርንጎ ከተፍ አለች።

«ጠዋት በአውቶብስ እሄዳለሁ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

አጸደ የፍሬውን ግማሽ ከቅጠሉ አውጥታ በእሳት ታደርቀው ጀመር። ከእንግዳሸት ጋር ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ጎረቤቷ ጋሽ ዳምጤ በአጥሩ በኩል አዩዋት።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ አልተብላላም!»

«ይተዉኝ ጋሽ ዳምጤ፣ ልጄ ነገ ልትሄድብኝ ነው!»

«ይመራል፣ ነግሬሻለሁ።»

«ቢመር ማር አለኝ!» ብላ መውቀጧን ቀጠለች።

ማታ ቸኮላቱ ቀረበ። ትርንጎ አንዱን አነሣችና ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ለካ እሷም ናፍቃ ኖሯል። ወዲያው ግን ፊቷ ተኮማተረ።

«እማዬ፣ ይመራል።»

አጸደ ማር ጨመረችበት። «አሁንስ?»

«አሁንም።»

ደግማ ጨመረች። «አሁንስ የኔ እናት?»

«መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ያው ምሬቱ ይመጣል።»

አጸደ የማሩን ማሰሮ ደፍታ አራገፈችው። እሱም አልበጀ። ያን ጊዜ ከልጇ እግር ሥር ወደቀች። «ልጄ፣ በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ በዪኝ! አሁን በዪኝ!»

ትርንጎ ደግፋ አነሣቻትና «እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ታሞ ሳለ ጠርቶኝ ነበር?»

አጸደ መዋሸት አቃታት። «ጠርቶሽ ነበር።»

ትርንጎ የቀረውን ቸኮላት መልሳ አስቀመጠችና ሄዳ ተኛች።

ጠዋት የአውቶብሱ ጡሩንባ ሲሰማ አጸደ የልጇን መሄድ ላለማየት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ብትነሣ የልጇ መኝታ ባዶ ነው። «ወይኔ፣ ሳትሰናበተኝ!» እያለች ወደ ጓሮ ወጣች። ትርንጎ ቁጢጥ ብላ፣ የሙዙን ቅጠል ገልጣ፣ የተረፈውን ፍሬ በእጇ ታገላብጣለች።

«አባዬ በየሁለት ቀኑ ያገላብጠው ነበር» አለች ዞር ሳትል።

«አውቶብሱስ?»

«ሄደ። ይሄ እስኪደርስ እቆያለሁ፤ ለቤት ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?»

«ገና ነኝ እማዬ። ግን አልሄድም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህንኑ ተመስገን ብሎ በተቀመጠ። አጸደ ግን አጸደ ናት፤ ደስታው አላስችል ቢላት ባዶ ማሰሮዋን ይዛ ወደ አጥሩ ሮጠች። «ጋሽ ዳምጤ! ማር ይስጡኝ እባክዎ! የትናንቱን ዛሬውኑ አጣፍጬ ላብላት!»

ጋሽ ዳምጤ በአጥሩ ላይ አሻግረው ቅጠሉን መልሳ የምትሸፍነውን ልጅ አዩ፤ እናቲቱንም አዩ። ሳቃቸውም እንባቸውም አንድ ላይ መጣባቸውና ማሰሮውን ቀስ አድርገው ከእጇ ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም እንዲህ አሏት፦ «ተይ አጸደ፣ የካካዎን ምሬት ማር አይሽረውም፣ ቀን ካልሻረው።»